ድንጋዩ ከእግራችን ሥር፣ ብሩ ከባሕር ማዶ

ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን 1860 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ነበር። አጫራቹ የእንግሊዝ ጦር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ካለፉ ሳምንት ሆኗል። ከአምባው የተዘረፈው መጽሐፍ፣ መስቀልና ልብሰ መንግሥት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ፣ የበሽሎን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ ሜዳው ላይ ተዘርግቷል። ከገዢዎቹ መካከል የብሪቲሽ ሙዚየም ልዑክ ሪቻርድ ሆምዝ አለበት። ከሁለቱ ቀን ሽያጭ የተገኘው 5000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሩ ተከፋፈለ።

ባለቤቴ የደላንታ ልጅ ነው። ይህን ታሪክ ሲያወራ ጨረታው ላይ አያቆምም፤ ሰዎቹ የቆሙበትን መሬት ያስከትላል። ከሜዳው ጫፍ ወረድ ብሎ፣ ገደሉ ወገብ ላይ፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር የማይሞላ የዐለት ንጣፍ አለ። ኦፓል የሚባለው ዕንቁ የተኛው እዚያ ውስጥ ነው። ከጦሩ ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ ዘምቶ ነበር፤ በ1870 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የአካባቢውን የእሳተ ገሞራ ዐለት በመቅደላ ስም የጠራው እሱ ነው። ዓለም የደላንታን ኦፓል ያወቀው ግን ከዚያ ዘመቻ 140 ዓመት ቆይቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ «የቆሙበትን ሳያዩ የተሸከሙትን ሸጡ» ይላል።

እኔ ደግሞ የብር ሠሪ ልጅ ነኝና ዓይኔ የሚሄደው ወደ ተሸከሙት ነው። ከመቅደላ ከተወሰዱት ቅርሶች አንዱ የወርቅ ዘውድ ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ሙዚየሙ ዘውዱ የተሠራበትን ሲዘረዝር ወርቅ፣ በወርቅ የተለበጠ መዳብ፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ ቀለምና ጨርቅ ይላል። ዕንቁ የሚል የለበትም። የወርቁ ሥራ የተካነ እጅ ነው፤ ፈርጡ ግን ብርጭቆ ነው። የብርጭቆ ፈርጥ ያለው ዘውድ ኦፓል በሞላበት ተራራ አጠገብ አለፈ።

ባለቤቴ መምህር ነው፤ እኔ ቢሮ እሠራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን እሱ ድንጋይ ይሞርዳል፣ እኔ ብር አቀልጣለሁ። ለበዓል ወደ አገሩ ስንወርድ ድንጋይ እንፈልጋለን፤ ስንመለስ የለቀምነውን ጌጥ እናደርገዋለን። ሰው ሲጠይቀን መዝናኛችን ነው እንላለን፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ሁለታችን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የምንሠራው ሥራ በዚህ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት አብሮ ያልተሠራ ነው። ድንጋዩ ነበረ፣ አንጥረኛውም ነበረ፤ ያልነበረው መገናኛው ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለምን እንዳልተገናኙ ለማስረዳት ነው።

ድንጋይን ዋጋ ሰጥቶ መነገድ ለዚህ አገር አዲስ አልነበረም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ ስለ አዱሊስ ሲያትት፣ በአቅራቢያው ባለ ባሕረ ሰላጤ ኦብሲዲያን የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደሚገኝ ይናገራል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስን ያየው ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ ሁለት ነገር ጽፏል። አንደኛው የታወቀው የወርቅ ንግድ ነው፤ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች በአገው አገር በኩል አልፈው በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፣ ሥጋውንና ጨውን አስቀምጠው ዞር ይላሉ፣ የአገሩ ሰው ወርቁን አጠገቡ ያኖራል፤ ዋጋው እስኪስማማ ድረስ ማንም ከማንም አይነጋገርም። ሁለተኛው ብዙ አይነሳም፤ የአክሱም ነጋዴዎች በዓባይና በቀይ ባሕር መካከል ከሚኖሩት ብሌምዮች መረግድ እየገዙ ሕንድ ወስደው ይሸጡ ነበር።

መረግዱን ገዝተው ሸጡት እንጂ ወርቃቸው ላይ ማስቀመጥን ልማድ አላደረጉትም። የአክሱም ወርቅ አንጥረኛ ግን አላዋቂ አልነበረም። ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የወርቅ ገንዘብ መቷል፤ በብርና በመዳብ ሳንቲም ላይ እንኳ የንጉሡን ራስ ዙሪያ ወይም መስቀሉን ለይቶ በወርቅ ለብጧል። በዚያን ዘመን ሌላ አገር ያልተለመደ ጥበብ ነው። ይህን የመሰለ እጅ ድንጋይ መግጠም አቅቶት አይደለም፤ ድንጋዩ መንገደኛ ሸቀጥ ሆኖ በእጁ አልፎ ይሄድ ነበር።

የድንጋዩን ስም ግን ቤተ ክርስቲያን ጠብቃ አቆየችው። ከአሮን የደረት ኪስ እስከ ዮሐንስ ራእይ ድረስ ሰርድዮን፣ መረግድ፣ ሰንፔር፣ ኢያስጲድ፣ ያክንት ሲነበብ ያላደገ ማን አለ? አባቴ ራእዩን ከሞላ ጎደል በቃሉ ያውቀዋል፤ የአሥራ ሁለቱን መሠረቶች ድንጋይ በተራ ይጠራል። ዕድሜውን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ፈርጥ ያደረገው ግን ከመርካቶ የሚገዛውን ቀይ ብርጭቆ ነው።

የኢትዮጵያ ጌጥ እንግዲህ የብረታ ብረት ጌጥ ሆኖ አደገ። አልቦው፣ ድሪው፣ ጉትቻው፣ አምባሩ፣ የጸጉር ወለባው፣ የአንገት መስቀሉ ሁሉ በብር ነው፤ ውበቱም ከቅርጹ፣ ከጥርቡና ክር ከሚያህለው የብር ሽቦ ጥልፍ እንጂ ከድንጋይ አልመጣም። ቀለም የሚፈልግ ዶቃ ይጨምራል፤ ጨሌው ከቬኒስ፣ የወሎና የሐረር እናቶች ከብር ጋር የሚሰኩት ቢጫው አምበርም ከሩቅ አገር በነጋዴ እጅ የሚደርስ ነበር። በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ ለጀግና የሚሸለመው ቢተዋ እንኳ ክንድ የሚያለብስ ብር ነው እንጂ ፈርጥ የለውም። ቅድመ አያቴ አንኮበር አካባቢ ብር ሠሪ ነበሩ።

ብሩስ ከየት መጣ? ይህ ከሁሉ ይደንቀኛል፤ የአገሩ ተራራ የሰጠን አይደለም፤ ከቪየና የመጣ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ መልኳ ያለበት ገንዘብ ግን ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ እስከ ዘመናችን ድረስ ተመታ። ክብደቱ ከ28 ግራም ትንሽ ይበልጣል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በቀይ ባሕር በኩል ለቡና፣ ለቆዳ፣ ለዝባድ ዋጋ ሆኖ ገባና ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር ተባለ። እንግሊዞች ራሳቸው ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ለስንቅና ለጭነት የሚከፍሉት በማርትሬዛ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው ቢያመጡም ገበያው ማርትሬዛን አልተወም። ሙሶሊኒ ወረራውን ሲያሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. የገንዘቡን መምቻ ከቪየና አስወስዶ ሮም ላይ ማስመታት የጀመረውም ኢትዮጵያ ውስጥ ያለዚያ ገንዘብ እንደማይሠራ ስላወቀ ነው።

ለአንጥረኛው ማርትሬዛ ገንዘብም ጥሬ ዕቃም ነው። ልጃገረድ ስትዳር ቤተሰቧ ጠገራውን ቆጥሮ ለሠሪው ያስረክባል። ሠሪው ከደንበኛው ፊት በሚዛን ያስቀምጠዋል፣ ከሰሉን በወናፍ ያጋግላል፣ ያቀልጠዋል፣ በመስፍ ላይ ይቀጠቅጠዋል፤ ሲጨርስ ጌጡን መልሶ ይመዝናል። ሚዛኑ ከጎደለ ሌባ ነው፤ ብሩ ከጠቆረ መዳብ ጨምሯል ይባላል። አባቴ ከዚያ ዘመን የተረፈ ማርትሬዛ ሲያገኝ ጠርዙን በጣቱ ይዳብሰዋል፣ ከድንጋይ ጋር አጋጭቶ ድምፁን ያዳምጣል። የተቀለጠው ሳንቲም ብዛት የትየለሌ ነው፤ በአያቶቻችን አንገት ላይ ያለው መስቀል አብዛኛው በፊት የንግሥቲቱ ፊት ነበር።

ብር በአንገት ሲደረግ ክብር ነው፤ የሠራው ሰው ግን ክብር አልነበረውም። አንጥረኛው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ባለ እጅ ተብለው ከሌላው ሕዝብ ይለዩ ነበር። ጠይብ ማለት ስድብ ሆነ፤ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ስለዚህ እምነት ሲጽፍ፣ ጆሮው ላይ የአንጥረኞቹ ዓይነት የወርቅ ጉትቻ ያለው ጅብ ተገኘ የሚለውን ወሬ አስፍሯል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። የአንጥረኛው ምርጥ ሥራ በራሱ ላይ ምስክር ሆኖ ቆመበት ማለት ነው።

ንቀቱ የአፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቻል ነበር። ሥሩ ግን መሬት ውስጥ ነው። ዐፄ ይስሐቅ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት አልባ ይሁን ብለው መደንገጋቸውን ትውፊቱ ይናገራል። ርስት ያጣ ሰው የሚኖረው በእጁ ነው። የቤተ እስራኤል ወንዶች ብረት ቀጠቀጡ፣ ግንብ ገነቡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ፤ ጎንደር ሲታነጽ እጃቸው ነበረበት። ዛሬ አብዛኞቹ ልጆቻቸው በእስራኤል ናቸው። ክርስቲያኑም ሆነ እስላሙ ባለ እጅ በብዙ ቦታ ዕጣው ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ በሰው ርስት ዳር ጎጆ ቀልሶ፣ ማረሻና ጌጥ ሠርቶ፣ እህል ተሰፍሮለት ይኖራል።

አሁን ወደ ደላንታ ገደል እንመለስ። ገደሉን የሚያውቀው ገበሬው ነው። ፍየል የሚያግደው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ዝናብ የሸረሸረውን የሚያየው እሱ ነው። የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ቢያገኝ ለልጁ መጫወቻ ይሰጠዋል፤ ብረት ማቅለጥ የሱ ሥራ አይደለም፣ ቢሞክረውም ከጎረቤት ይለያል። ድንጋዩን ዓይቶ «ይህን ብር ላይ ባስቀምጠው» ሊል የሚችለው አንጥረኛው ነው፤ እሱ ደግሞ ገደል ለገደል ሊዞር መሬቱ የሱ አይደለም፣ በሰው ርስት ቢቆፍር በምን ሥልጣን? ዐዋቂው እጅ ከመሬቱ፣ የመሬቱ ዐዋቂ ከሙያው ተቆርጠው ኖሩ። ዕንቁ የሌለበት ጌጥ የወረስነው በዚህ ይመስለኛል። የድህነት ወይም የጥበብ ማነስ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ የመቅደላው ዘውድ ያን ያህል ባላማረ ነበር።

ንቀቱን የሚያወግዝ ቃል ከቤተ መንግሥት የወጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ባለ እጁን እየናቅን እንዴት አገር ይለማል የሚል ነበር ሐሳቡ። በዚያው ዘመን የቤተ መንግሥቱን ወርቅ ሥራ እንደ ዲክራን ኤበያን ያሉ አርመናውያን ይዘውት ነበር። አርመናዊው ወርቅ ሠሪ ሙሴ እየተባለ ሲከበር የአንኮበሩ ብር ሠሪ ጠይብ ይባላል፤ ሙያው አንድ ነው። መሬቱ የተነካው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ርስት የነበረውና ያልነበረው በሕግ ፊት እኩል ሆነ።

ሁለቱም አዋጆች ከወጡ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው እኔና ባለቤቴ የተጋባነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የባለቤቴ አያት «አባቷ ምን ሠሪ ናቸው?» ብለው ጠየቁት። «ወርቅ ቤት አላቸው» አላቸው። ውሸት አይደለም፤ አባቴ ሱቅ አለው። ነጋዴ የሚል ተሰምቷቸው ደስ ብሏቸው መረቁን። መዶሻና ወናፍ መኖሩን ያወቁት ከሠርጉ በኋላ ነው። አንድ ቀን እቤታችን መጥተው ብር ሳቀልጥ አገኙኝ፤ ዝም ብለው አዩ፣ ከዚያ «ልጄ፣ እሳቱ ፊትሽን አይጉዳብሽ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ሊሉት የነበረውን ሁለታችንም አውቀነዋል።

ኦፓሉም ቢሆን የወጣው በአንድ ጊዜ አይደለም። በመጀመሪያ የተሰማው የመንዝ ነው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ መዘዞ አለች። በ1986 ዓ.ም. ገደማ ከዚያ አካባቢ ቡናማ ኦፓል ወደ ዓለም ገበያ ወጣ፤ ክብ ክብ ሆኖ በዐለት ውስጥ የተቀበረ፣ ሲፈለጥ ውስጡ እሳት የሚረጭ። ገዢዎች ተሻሙ። ብዙም ሳይቆይ ድንጋዩ ሲደርቅ እየተሰነጣጠቀ አስቸገረና ስሙ ጠፋ፤ የኢትዮጵያ ኦፓል ይሰነጠቃል የሚለው ወሬም ለዓመታት አልለቀቀንም። በ2000 ዓ.ም. ደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ ፀሐይ መውጫ በሚባለው ቦታ ነጩ ኦፓል ሲገኝ መጀመሪያ ማንም በሙሉ ልብ አልገዛውም። ከተፈተነ በኋላ ብዙው እንደማይሰነጠቅ ታወቀ። በአጭር ጊዜ ውስጥ የወሎ ኦፓል የአውስትራሊያን ገበያ የሚገዳደር ሆነ።

ኦፓሉን ያቀፈው ንጣፍ የተፈጠረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈነዳ እሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለፈ ውሃ ሲሊካ አሟሙቶ በክፍተቱ ውስጥ አስቀመጠ። የሚጫወተው ቀለም የኦፓሉ የራሱ አይደለም፤ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶች እኩል ሆነው በረድፍ ሲደረደሩ ብርሃኑን ይበትኑታል፣ ድንጋዩ ሲዘነበልም አረንጓዴው ቀይ፣ ቀዩ ሰማያዊ ይሆናል። የዚህን ምሥጢር የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የፈቱት በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ቅንጣቶቹ እኩል ካልሆኑ ድንጋዩ ቀለም ሳይጫወትበት ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ በደላንታ ከሚወጣው አብዛኛው እንደዚያ ነው።

አወጣጡ ከባድ ነው። ወጣቱ በማኅበር ተደራጅቶ ገደሉ ላይ ጠባብ ዋሻ ይቆፍራል፤ መሣሪያው ዶማ፣ መሮና መዶሻ ነው፤ ብርሃኑ በእጅ የሚያዝ ባትሪ። ዋሻው ይናዳል፤ ሰው ይሞታል። የባለቤቴ መንደር ሰው አንድን ድንጋይ አይቶ ማን እንዳወጣው ብቻ ሳይሆን እዚያ ዋሻ ማን እንደቀረም ያውቃል። እኛ ዋሻ አንገባም። ቆፋሪው የጣለውን ጥራጊ፣ ዝናብ ያጠበውን ጉድፍ እንለቅማለን፤ ደህና ድንጋይ ካየን ከማኅበሩ ገዝተን ደረሰኝ እንይዛለን። ለዓይን የሚሻለው ሰዓት ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው፤ ያኔ ቀለም ያለው ከጎን ይበራል።

እቤት ስንደርስ ሥራው ይከፈላል። ባለቤቴ ድንጋዩን ጥፍር በሚያህል እንጨት ጫፍ ላይ በሰም ያጣብቀዋል፣ ከሻካራ እስከ ለስላሳ በተደረደሩ የአልማዝ ጎማዎች ይሞርደዋል፣ ውሃ ያንጠባጥብበታል፤ የሲሊካ አቧራ ሳንባ ይጎዳልና አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል። ፊቱን ጠፍጣፋ አያደርገውም፤ ቀለሙ ከየአቅጣጫው እንዲታይ ጉብ አድርጎ ያዞረዋል። የቱ ገጽ ወደ ላይ ይሁን የሚለው ላይ እንከራከራለን። እሱ ሚዛን እንዳይጎድል ይሳሳል፤ እኔ ቀለሙ ካልታየ ግራሙ ምን ያደርጋል እላለሁ።

የወሎ ኦፓል ጠባይ ከአባቴ ሙያ ጋር የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ እንደ አዲስ እንስራ ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ብርጭቆ መስሎ ቀለሙ ይጠፋል፤ ቀናት ቆይቶ ሲደርቅ ይመለሳል። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ዘይትም፣ ቀለምም፣ አሲድም ይጠጣል፤ እነዚያ ደግሞ ተመልሰው አይወጡም። አባቴ ጌጥ ሲሠራ የተማረው ተራ ፈርጡን አስቀምጦ፣ በይዶ፣ በአሲድ አፍልቶ ማንጣት ነው። ብርጭቆ ይህን ይችላል። ኦፓል ግን አይችልም፤ ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ነው፣ ድንጋዩ ደግሞ በውስጡ ውሃ አለው፤ ለእሳቱ ከተጋለጠ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ተራው ተገለበጠ። ድንጋዩን የሚያቅፈውን ስስ የብር ጠርዝ በልኩ እሠራለሁ፣ ብየዳውን ሁሉ እጨርሳለሁ፣ አነጣለሁ፣ አወለውላለሁ፤ ፈርጡ የሚገባው በመጨረሻ፣ በቀዝቃዛ ብር ውስጥ ነው፤ ጠርዙን ዙሪያውን ገፋ ገፋ እያደረግኩ አከናንበዋለሁ። አባቴ ይህን ሲያይ መጀመሪያ «የተገላቢጦሽ» አለ። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ጠርዙ ላይ ክፍተት ሲፈልግ ቆየ፤ አንድ ቦታ አገኘና መሮውን ተቀብሎኝ ዘጋው።

ለመስቀል የሚሆነው ድንጋይ ላይም ብዙ ተማርን። የኦፓል ጥንካሬ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነውና ይጭረዋል። ቀለበት ከበርና ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ይውላል። የአንገት መስቀል ግን በልብስ ሥር፣ ደረት ላይ ይቀመጣል፤ አይጋጭም፣ እጅ ሲታጠብ አይረጥብም። አያቶቻችን ለዚህ ድንጋይ ሳያውቁት ቦታ አዘጋጅተውለታል። በድሮው መስቀል መሐል ላይ በመሮ የሚቀረጽ ክብ አለ፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ኦፓል እዚያ ይገባል፣ የመስቀሉ ቅርጽም አይነካም። ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ትልቅ ድንጋይ አድርጊልኝ ትለኛለች፤ እምቢ እላታለሁ። ድንጋዩ መስቀሉን ከበላው የማን አገር ጌጥ እንደሆነ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ የሁለት ሰው ትርፍ ጊዜ ነው። ትልቁ ንግድ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ከደላንታ የወጣው ድንጋይ በደላላ እጅ ደሴ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ብዙው ሕንድ፣ ጃይፑር ይደርሳል፤ የሚቆረጠውና የሚዋበው እዚያ ነው። ኮስማስ የጻፈውን አስታውሱ፤ የአክሱም ነጋዴ መረግድ ይዞ ሕንድ ይሄድ ነበር። 1500 ዓመት አልፎ መንገዱ ያው ነው። በእኛ ዘመን ጉጂ ውስጥ ሻኪሶ አጠገብ ራሱ መረግዱ ወጥቷል፤ አክሱም አካባቢም ሰንፔር ተገኝቷል። ራእዩ ላይ አባቴ የሚጠራቸው ስሞች አንድ በአንድ ከመሬታችን እየተነሡ ነው።

የመንግሥት ሰዎች መፍትሔውን እሴት መጨመር ይሉታል፤ ወጣቱን ድንጋይ ቆረጣ ማሠልጠን። መልካም ነው፤ ግን ግማሽ ነው። የተቆረጠ ድንጋይ ብቻውን ጌጥ አይሆንም፤ እንደ ጥሬው ሁሉ ለሌላ አገር አንጥረኛ ይሸጣል። በዚያው ሰዓት የፒያሳና የመርካቶ ብር ሠሪ ከውጭ የመጣ ብርጭቆ ፈርጥ ያደርጋል፤ ወገል ጤናም ሄዶ አያውቅም። የደላንታው ቆፋሪ ደግሞ ያወጣው ድንጋይ በምን ዓይነት ብር ላይ እንደሚያምር የሚያሳየው ሰው አላገኘም። ሥልጠናው ቆፋሪውን፣ ቆራጩንና አንጥረኛውን በየፊናቸው የሚያስተምር ከሆነ የድሮውን አጥር በአዲስ ሰርተፊኬት ማደስ ይሆናል።

ባለቤቴ በዚህ ላይ ከእኔ ይለያል። ገበያው ያገናኛቸዋል፣ ዋጋ ሲኖር ሰው ንቀቱን ይረሳል ባይ ነው፤ የራሱ አያትም መርቀውን የለም ወይ ይለኛል። እኔ ግን አያቱ የመረቁት ወርቅ ቤቱን መሆኑን አልረሳሁም። ስድቡን አዋጅ ከልክሎታል፤ ርስቱንም አዋጅ አፍርሶታል። የቀረውን አዋጅ አይሠራውም፤ የገበሬ ልጅ መዶሻ ሲይዝ፣ የአንጥረኛ ልጅም ገደሉን ሲያውቅ ነው የሚፈታው፤ ሽማግሌ ሲላክም «አባቷ ብር ሠሪ ናቸው» ብሎ መናገር ሲቻል።